ሽሚት፦ ቀጥቃጭነት የቤተሰብ ስም ሲሆን



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጀርመን የቤተሰብ ስም ነው። ስሙ ሽሚት ይባላል። በጀርመን አገር ከሙለር ቀጥሎ በብዛቱ ሁለተኛ ነው። ትርጉሙ ቀጥቃጭ ነው፤ ብረት በእሳት አግሎ፣ በመስፍ ላይ አጋድሞ፣ በመዶሻ እየመታ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣ ሰው።

ለሀዋሳ ሰው የጀርመን ቀጥቃጭ ምኑ ነው የሚል ጠያቂ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። እዚያ አገር ቀጥቃጭነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ በበር ላይ የሚለጠፍ፣ በድርጅት ማህተም ላይ የሚቀረጽ ስም ሆነ። እዚህ አገር ደግሞ ቀጥቃጭ መባል ለብዙ ዘመን ስድብ ነበር። አንድ ሙያ በሁለት አገር እንዲህ የተለያየ ዕጣ የገጠመው ለምንድን ነው? ከዚህስ ምን እንማራለን? የዲስኩሬ ሐሳብ ይኸው ነው። የአውሮፓ ታሪክ ሳነሳ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ሳነሳ እንደ አገራችን አቆጣጠር እንደሆነ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስሙ እንዴት ተወለደ? ይህን ለመረዳት ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። የተመዘገቡትን ስሞች ተመልከቱ። «ዮሐንስ ባጃጅ»፣ «ማርታ ፀጉር»፣ «ከድር ቧንቧ»፣ «ዳንኤል ኤሌክትሪክ» የሚሉ አታጡም። የዮሐንስን አባት ስም አታውቁትም፤ ማወቅም አላስፈለጋችሁም። የምታውቋቸው ዮሐንሶች ብዙ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው የምትለዩት በሥራው ነው። የጀርመን የቤተሰብ ስሞች ትልቁ ክፍል የተወለደው ልክ በዚህ መንገድ ነው።

እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አብዛኛው ጀርመናዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብና በምዕራብ ያሉ ከተሞች፣ በተለይም እንደ ኮሎኝ ያሉት የራይን ወንዝ ከተሞች፣ ሰው እየበዛባቸው ሄደ። ከየገጠሩ የመጣ እንግዳ ከእንግዳ ጎን ሰፈረ። በዚያ ላይ የክርስትና ስሞች ጥቂት ነበሩ፤ ዮሐንስ፣ ሃይንሪሽ፣ ኮንራድ እየተባለ በየመንደሩ ይደጋገማል። ግብር የሚሰበስበው ጸሐፊ፣ የቤት ሽያጭ የሚመዘግበው ዳኛ፣ አንዱን ሃይንሪሽ ከሌላው ለመለየት «ቀጥቃጩ ሃይንሪሽ»፣ «ዳቦ ጋጋሪው ሃይንሪሽ» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ይህ ገና የቤተሰብ ስም አልነበረም። ቀጥቃጩ ሲሞት ቅጽሉም አብሮት ይሞታል። የቤተሰብ ስም የሆነው የቀጥቃጩ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ሳለ ሰዎች ሽሚት ብለው መጥራታቸውን በቀጠሉ ጊዜ ነው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ስሙ ሥራውን መግለጹን ተወና ዘርን ማመልከት ያዘ። ይህ ለውጥ ከከተማ ወደ ገጠር ቀስ እያለ ተስፋፋ፤ በአብዛኛው የጀርመን ምድር እስከ 15ኛውና 16ኛው ክፍለ ዘመን ተጠናቀቀ። በሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት የምሥራቅ ፍሪዞች ግን እንደኛው በአባት ስም ሲጠሩ ቆይተው፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የታዘዙት ናፖሊዮን አገሩን በገዛበት ዘመን፣ በ1811 ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሀዋሳ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች፣ ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከኦሮሚያ፣ ከአማራ የመጣ ሰው በአንድ ጎዳና የሚኖርባት ናት። በመናኸሪያና በታቦር፣ በሐይቅ ዳርና በአዲስ ከተማ ጎረቤት የጎረቤቱን አያት አያውቅም። ስለዚህ ሰውን በሥራው መለየት ግድ ይሆናል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ኮሎኝ ያለፈችበትን መንገድ ሀዋሳ ዛሬ በስልክ ማውጫ ላይ እያለፈችበት ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የኛ «ባጃጅ» እና «ቧንቧ» ወደ ልጅ አለመውረዱ ነው።

አሁን ወደ ብዛቱ ልሂድ። በጀርመን በብዛት ከፊት የሚሰለፉት ስሞች እነዚህ ናቸው፦ ሙለር ወፍጮ ፈጪ፣ ሽሚት ቀጥቃጭ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ፊሸር ዓሣ አስጋሪ፣ ቬበር ሸማኔ፣ ማየር የጌታ ርስት አስተዳዳሪ፣ ቫግነር ጋሪ ሠሪ፣ ቤከር ዳቦ ጋጋሪ፣ ሹልዝ እንደኛ ጭቃ ሹም ያለ የመንደር ሹም፣ ሆፍማን ደግሞ ከጌታው ግቢ ወይም ከትልቅ እርሻ ጋር የተያያዘ ባለሥራ። አሥሩም የሥራ ወይም የሹመት ስሞች ናቸው።

ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ከጀርመን ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነበር። ገበሬ ማለት ባወር ነው። ታዲያ ባወር የሚለው ስም ለምን አንደኛ አልሆነም? ከሽሚት እጅግ ያነሰ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ገበሬ በሆነበት መንደር «ገበሬው ሃይንሪሽ» ማለት ማንንም አይለይም። ቀጥቃጭ ግን በአንድ መንደር ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነበር። ወፍጮ ፈጪም እንደዚያው። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮች እያንዳንዳቸው አንድ ሽሚትና አንድ ሙለር አፈሩ። ስሙ የበዛው ቀጥቃጮች በዝተው ሳይሆን በየመንደሩ አንድ አንድ በመሆናቸው ነው። የእኛም ነገር እንደዚያው ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ «ዓሣ አስጋሪው» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ዘወር ይላል? ቡና አምራች ገጠር ገብታችሁ ብትጣሩ ግን ቢኖር አንድ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ቁም ነገር አለ። ሁለት ሽሚቶች ቢገናኙ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይቻልም። አንዱ በሰሜን ከሃምቡርግ አጠገብ ከነበረ ቀጥቃጭ፣ ሌላው በምሥራቅ ከሳክሶኒ ቀጥቃጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሥጋ ዝምድናን የሚለየው የእኛ አገር ሽማግሌ በዚህ ረገድ ከጀርመን መዝገብ ይበልጣል። የቤተሰብ ስም የአንድን መሥመር ዘር ያሳያል፤ የእናትን ወገን፣ የአያቶችን ቅርንጫፍ ግን ይደብቃል።

ስሙ በየአካባቢው አጻጻፉ ይለያያል። በሰሜንና በመካከለኛው ጀርመን መጨረሻው በሁለት ፊደላት፣ በዴ እና በቴ፣ ይጻፋል። በራይንና በሞዘል ወንዞች አካባቢ እንዲሁም በፍራንከን በሁለት ቴ ይጻፋል። በባቫሪያ፣ በሽቫብያና በስዊዘርላንድ በዴ ብቻ ያበቃል። በኮሎኝ አካባቢ ደግሞ ሽሚትዝ ይሆናል፤ ይህም «የቀጥቃጩ ልጅ» እንደማለት ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ቢቆጠሩ ቀጥቃጩ ወፍጮ ፈጪውን በልጦ አንደኛ ይወጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተማሩ ጀርመናውያን ስማቸውን ወደ ላቲን መቀየር ይወዱ ስለነበር ሽሚት የነበረው አንዳንዱ ፋበር ወይም ፋብሪሲየስ ሆነ። ልጆቻችን የሚሥሉበት የፋበር ካስትል እርሳስ በ1761 ኑረምበርግ አጠገብ ሥራ የጀመረው የካስፓር ፋበር ቤተሰብ ምርት ነው፤ ፋበር በላቲን ቀጥቃጭ ወይም የእጅ ባለሙያ ነው።

ቀጥቃጭ በጀርመን ብቻ አልቀረም። እንግሊዝ ስሚዝ ይለዋል፤ ፈረንሳይ ለፌቭር፤ ጣሊያን ፌራሪ፤ ስፔን ሄሬሮ፤ ፖላንድ ኮቫልስኪ፤ ሃንጋሪ ኮቫች፤ ሩሲያ ኩዝኔትሶቭ፤ በሶርያና በሊባኖስ ሐዳድ። እሳትና ብረት የያዘ ሰው በየትም አገር መንደሩ ሊለየው የሚፈልገው ሰው ነበር ማለት ነው። ያለ እሱ ፈረስ አይጫማም፣ እርሻ አይታረስም፣ ጦር አይሳልም።

ከጀርመን የወጡት ሽሚቶችም ብዙ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጀርመን መባል ስለሚያስጠላ ብዙዎች ስሚዝ ሆነው ተመዘገቡ። ወደ ብራዚል ከሄዱት አንዱ ለእኛ የቡና አገር ሰዎች ይበልጥ የሚቀርብ ታሪክ አለው። ፍራንዝ ሽሚት በ1850 በጀርመን ተወለደ፤ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ብራዚል ገባ፤ ስሙም ፍራንሲስኮ ሆነ። በሪቤራን ፕሬቶ አካባቢ ያለውን የቡና መሬት እየሰበሰበ ሄዶ «የቡና ንጉሥ» እስከመባል ደረሰ። በዚያች ከተማ ያለው የቡና ሙዚየም ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቀጥቃጭ የተባለ ሰው የብረት መዶሻ ሳይነካ በቡና ነገሠ።

ስሙን መጨረሻ ላይ በድንጋይ እንደተጻፈ ያጸናው መንግሥት ነው። በ1875 የወጣው የጀርመን የሲቪል ምዝገባ ሕግ ከ1876 መጀመሪያ ጀምሮ በመላው የጀርመን ግዛት ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሽሚት አንድ ፊደል ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስሙ የሰው መሆኑ ቀርቶ የመዝገቡ ሆነ።

ይህ ጽናት የሚከፈልበት ዋጋ ነበረው፤ ከፋዮቹም ሴቶች ናቸው። አንዲት ጀርመናዊት ባል ስታገባ የአባቷን ስም ጥላ የባሏን መያዝ ግዴታዋ ነበር። ባልና ሚስት ከሁለቱ ስም አንዱን እንዲመርጡ የተፈቀደው በ1976 ነው፤ ካልተስማሙ ግን የባል ስም ይጸና ነበር። ይህንንም የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በመጋቢት ወር 1991 ሻረው። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ሕግ ተግባራዊ ሆኗል፤ ልጆች ድርብ ስም እንዲይዙ ይፈቅዳል፣ ፍሪዞችም ልጃቸውን በአባት ስም የመጥራት ጥንታዊ ልማዳቸውን እንዲመልሱ መንገድ ከፍቷል። በኢትዮጵያ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ አግብተውም ወልደውም በአባታቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ጀርመኖች በብዙ ክርክር የደረሱበት ቦታ ላይ እኛ ያለ ክርክር ነበርን።

ስሙ የሚደብቀውም አለ። ከ1974 እስከ 1982 ምዕራብ ጀርመንን የመራው ቻንስለር ሄልሙት ሽሚት ነው። ከስሙ ተነስቶ የሚገምት ሰው የቀጥቃጭ ዘር ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ሌላ ነው። አባቱ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ፣ የአንድ አይሁዳዊ ልጅ ነበር፤ ሽሚት የሚባሉ ባልና ሚስት በማደጎ ወስደው ስማቸውን ሰጡት። በናዚ ዘመን ይህ ምስጢር ቢወጣ ቤተሰቡን ባጠፋ ነበር፤ ተደብቆ ቆይቶ ለሕዝብ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው። በጀርመን እጅግ ከተለመዱት ስሞች አንዱ አንድን ቤተሰብ ከለላ ሆኖ አተረፈ።

ክቡራትና ክቡራን፤ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

የእኛ ስም የተሠራው በሌላ ስልት ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ተስፋዬ፣ በለጠ ስንል ልጁ ሲወለድ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሐዘን፣ ተስፋ ወይም ምኞት እንናገራለን። የአያቱን ሥራ አንናገርም። ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሦስተኛው የአያት። በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ይገባል፣ አንዱ ከኋላ ይወጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ሊለውጥ ሞክሮ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዳለው ተደነገገ። የቤተሰብ ስሙ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ መሥሪያ ቤቶችም አልጠየቁትም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልማዱን ተከትሎ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይመዘግባል። ሕግ ከሕዝብ ልማድ ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚያሸንፍ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች ሲገናኙ የሚፈጠረውን በስፖርት እንየው። መስከረም 2001 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ በበርሊን ማራቶን በ2:03:59 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የጀርመን ጋዜጦች የጻፉት «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ብለው ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በዚያው ጎዳና በ2:11:53 የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር ደግሞ ዓለም «አሰፋ» አላት። በሁለቱም ጊዜ ዓለም ያወደሰው ባልሮጡት አባቶች ስም ነው። እዚሁ ሐይቃችን ዳር ያለው ሆቴል ግን «ኃይሌ ሪዞርት» ነው የተባለው። ጀርመን ሲመንስን፣ ቦሽን፣ ፖርሸን በቤተሰብ ስም ይጠራል፤ እኛ ድርጅቱን በባለቤቱ በራሱ ስም እንጠራለን። ሁለቱም በየአገሩ ትክክል ናቸው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ስም ሥርዓት ነው። አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ላንሳ፤ የቀጥቃጩን ክብር።

ጀርመን ቀጥቃጩን የዘር ስም ሲያደርግ በእኛ አገር ብረት የሚሠራው ሰው ጠይብ፣ ቡዳ ይባል ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚሠራው ፋቂ እየተባለ ተሰደበ። ማረሻውን ከእጁ የሚቀበለው ገበሬ ልጁን ለእሱ ልጅ አይድርም ነበር። በሲዳማም የሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾ፣ የብረት ሠሪዎቹ ቱንቲቾ፣ የቆዳ ሠሪዎቹ አዋቾ ከሌላው ማኅበረሰብ በጋብቻም በመሬትም ተለይተው ኖረዋል። ልብ በሉ፤ እዚህም ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር፤ የወረደው ግን ክብር ያለው ስም ሳይሆን አጥር ነበር። የጀርመኑ ሽሚት ልጅ ዳቦ ጋጋሪ መሆን ይችላል፤ ስሙ ብቻ ይከተለዋል። የእኛ ቀጥቃጭ ልጅ ሥራውን ቢተው እንኳ ስድቡ ይከተለው ነበር።

በታሪካችን ሁለቱ ዓለማት ፊት ለፊት የተገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን አሰፈሩ። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንጽለን ይባላሉ። ከስማቸው ውስጥ ሙያው ይታያል፤ በዛልሙለር ውስጥ ወፍጮ ፈጪው አለ፤ ቤንደር በርሜል ሠሪ ነው፤ ማየር የርስት አስተዳዳሪ። ንጉሡ አከበሯቸው፣ ሸለሟቸው፣ መድፍ እንዲያቀልጡም አዘዟቸው። ሴቫስቶፖል የተባለው ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ከዚያ ወጥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። በወናፉና በከሰሉ ዘንድ አብረዋቸው የደከሙት ኢትዮጵያውያን ባለ እጆች ስም ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ለማግኘት ከባድ ነው። የውጭው ቀጥቃጭ በስሙ ተጻፈ፤ የአገሬው በስድቡ ታወቀ።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በሽታ አይተውታል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መሳደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና በእስር እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው ስም የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ትዝታ ነው። ሙያው የሰው ስም ባይሆን የሰፈር ስም ሆነ።

ጀርመኖችን ግን ነውር የሌለባቸው አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። እዚያም «ክብር የሌላቸው» የሚባሉ ሥራዎች ነበሩ። ሰቃይ፣ የሞተ ከብት ቆዳ ገፋፊ፣ በአንዳንድ ቦታም ሸማኔና ወፍጮ ፈጪ ሳይቀሩ፣ ልጆቻቸው ወደ ሙያ ማኅበር እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። ወፍጮ ፈጪው ዱቄት ይሰርቃል ተብሎ ይጠረጠራል። በብዛት አንደኛ የሆነው ሙለር የሚለው ስም እንግዲህ ከተናቀ ሙያ የመጣ ነው። የጀርመን መንግሥት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተደጋጋሚ፣ በመጨረሻም በ1731 በወጣው የሙያ ማኅበራት ድንጋጌ ይህን መድሎ ለማስቀረት ደነገገ። የምኒልክ አዋጅ ወንድም ማለት ነው፤ ሁለቱ በአንድ አቆጣጠር ሲቆጠሩ በ177 ዓመት የሚበልጥ ወንድም።

ይህ ንጽጽር ዋናውን ፍርዴን እንድሰጥ ያስችለኛል። ቀጥቃጭን ያስከበረው ሽሚት የሚለው ስም አይደለም። ስም ለተናቀውም ለተከበረውም እኩል ተሰጠ። ያስከበረው የሙያ ማኅበሩ ነው፣ ደረጃ ያለው ሥልጠናው ነው፣ ሥራው የሚያስገኘው ገንዘብ ነው፣ ልጁ ከፈለገ መውጣት፣ የሌላው ልጅም ከፈለገ መግባት መቻሉ ነው። እነዚህ ሲኖሩ ስድብ የነበረው ቃል ራሱ ማዕረግ ይሆናል። እነዚህ ከሌሉ ደግሞ መቶ አዋጅ ቢወጣ ሰው በልቡ መሳደቡን አይተውም።

እኛ ዛሬ የት ነን? ጠይብ ብሎ በአደባባይ የሚሳደብ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ንቀቱ ልብሱን ቀይሮ ገብቷል። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ሲቀር «ቴክኒክና ሙያ ገባ» የምንለው ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። በሌላ በኩል በር የሚበይደው ወጣት ሲጠፋ ቤታችን ሳይዘጋ ያድራል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የቆመው በልብስ ስፌት ላይ ነው። እዚያ ልብስ የሚሰፉት ወጣቶች ጀርመን ቢሆኑ ኖሮ የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ሽናይደር ተብለው በመዝገብ ይገቡ ነበር። ከተማችን በእጅ ሥራ የምትኖር ከተማ ናት፤ ቋንቋችን ግን ገና ይህን አላወቀም።

ከመዝጋቴ በፊት ለተግባር የሚሆን ነገር ልጨምር፤ ከመካከላችን ልጁ ጀርመን ያለ፣ ለትምህርት የሚሄድም አለና። የጀርመን መዝገብ ቤት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አበበ ከበደ የሚባል አባት እዚያ ልጅ ቢወልድ ብዙ ጊዜ ከበደ የሚለው የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዝና ልጁ በአባቱ ሳይሆን በአያቱ ይጠራል። ሌላው ልጁ አዲስ አበባ ተወልዶ አበበ የሚለውን ከያዘ ወንድማማቾቹ በወረቀት ላይ ባዳ ይመስላሉ። እናትየዋም ስሟ ከልጆቿ ስለማይገጥም በየድንበሩ የእናትነት ማስረጃ ትጠየቃለች። መፍትሔው ቀድሞ መወሰን ነው። ባልና ሚስት የትኛው ስም የቤተሰቡ ሆኖ እንደሚቀጥል ይምከሩ፤ ለሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ያድርጉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በፋይዳ መታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፎ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ፊደል ቢለያይ እዚያ አገር ሁለት ሰው ሆናችሁ ትቆጠራላችሁ።

የቤተሰብ ስም ያስፈልገናል ወይ ለሚለኝ፣ አያስፈልገንም ባይ ነኝ። የአባት ስም ሥርዓታችን ሴቶቻችንን በስማቸው አቆይቷል፤ ትውልድን ያስቆጥራል፤ ሕግ ሊቀይረው ሞክሮ አልቻለም። ከጀርመን መዋስ ያለብን ስሙን ሳይሆን ከስሙ ጀርባ ያለውን ነው፤ ሙያተኛ በየመንደሩ የሚፈለግ፣ የሚከፈለው፣ የሚታወቅ ሰው መሆኑን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ወላጆች፤ ልጃችሁ ብየዳ ወይም ስፌት ልማር ሲል በሐዘን አትቀበሉት። ሽማግሌዎች፤ ከሀዲቾ፣ ከቱንቲቾ፣ ከአዋቾ ወይም ከሌላ የባለሙያ ቤት የመጣ የጋብቻ ጥያቄ ሲቀርብ «ዘሩ ምንድን ነው» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። የታሪክ ተማሪዎች፤ በየወረዳችሁ ያሉትን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ከነአባታቸው ከነአያታቸው ስም መዝግቡ፤ እነሱ በሕይወት እያሉ ካልጻፍናቸው ከሞቱ በኋላ የሚጽፋቸው የለም።